ሳሙናው ከምግብ በፊት ይምጣ፦ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት እጅ መታጠብ ከሀ እስከ ፐ

ብዙ ቤት ከምግብ በፊት ማስታጠቢያው ይመጣል፣ ጣቶቻችን ላይ ትንሽ ውሃ ይፈስልናል፣ አራግፈን ወደ መሶቡ። ሳሙና የሚጠየቀው ከተበላ በኋላ ነው፣ ወጡና ቅቤው እንዲለቅ፣ ሽታው እንዲጠፋ። ነገሩ ተገልብጧል። ከበላን በኋላ እጃችን ላይ የቀረው በርበሬና ቅቤ ማንንም አያሳምምም። የሚያሳምመው ከመብላታችን በፊት እጃችን ላይ የነበረው ነው፤ እሱን ደግሞ በውሃ ብቻ አስነክተን ከእንጀራው ጋር በልተነዋል።

በእጃችን የምንበላ፣ የምንጎራረስ ሰዎች ነን። በደንብ ያልታጠበ እጅ የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ በጉርሻ የልጅና የሽማግሌ አፍ ውስጥ ይገባል። ታይፎይድ፣ አሜባ፣ ጃርዲያ፣ ኮሌራ፣ ወስፋት የሚተላለፉት ከሰገራ ወደ አፍ ነው፣ መሃል ላይ ያለው ድልድይ ደግሞ ብዙ ጊዜ እጅ ነው። ጉንፋንም ቢሆን አይንና አፍንጫችንን በምንነካው እጅ ይገባል።

«ውሃ የለም» የሚለው ምክንያት እውነት ነው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር ቧንቧ ከፍቶ መታጠብ ቅንጦት ነው። ግን በአግባቡ ከተዘጋጃችሁ ለአንድ ትጥበት ግማሽ ሊትር ውሃ ይበቃል። ሥራውን የሚሠራው ሳሙናውና ፈተጋው ነው፣ ውሃው የተለቀቀውን ጠርጎ ይወስዳል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ውሃ የሚያወርድ ዕቃ፣ ሳሙና፣ ንጹህ ፎጣ፣ እጣቢ የሚቀበል ሳፋ ወይም ባልዲ፣ ጥፍር መቁረጫ። በቃ። ከተቻለ ሁለት ቦታ አዘጋጁ፤ አንዱ ሽንት ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ሌላው ማብሰያው አጠገብ። ሳሙናው ሌላ ክፍል፣ ውሃው ሌላ ክፍል ከሆነ ማንም አይታጠብም። ስንፍና አይደለም፣ ሰው እንደዚያ ነው።

ደረጃ 1፦ ውሃው በራሱ የሚወርድበትን መንገድ አበጁ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጀሪካን አለ፣ ጆግ አለ። በአንድ እጅ ጆጉን ይዘን ሌላውን እናጥባለን፣ ከዚያ እንቀያይራለን። በዚህ መንገድ ሁለት እጅ ተገናኝቶ አይፈተግም። የታጠበው እጅ ደግሞ ተመልሶ ያንኑ የቆሸሸ የጆግ እጀታ ይይዛል። ከዚህ የሚብሰው ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልቶ ሁሉም ተራ በተራ እጁን መንከሩ ነው። ያ የመጀመሪያውን ሰው ቆሻሻ ለመጨረሻው ሰው ማድረስ ነው። ፈጽሞ አታድርጉት።

ገንዘብ ካላችሁ ከታች ቧንቧ ያለው ባልዲ ግዙ። ከሌላችሁ በሃይላንድ እንዲህ ሥሩ፦

1. ሁለት ሊትር የሚይዝ ንጹህ ሃይላንድ ውሰዱ። በረኪና፣ ነዳጅ ወይም ናፍጣ የነበረበትን አትጠቀሙ።
2. ቀጭን ምስማር በፒንሳ ይዛችሁ በእሳት አግሉ። በባዶ እጅ አትያዙት፣ ልጆችም አይጠጉ።
3. ከጠርሙሱ መቀመጫ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብላችሁ በጎኑ በኩል አንድ ቀዳዳ ብቻ ብሱ።
4. ቀዳዳውን በጣት ደፍናችሁ ውሃ ሙሉና ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉ። ጣታችሁን ስታነሱ ውሃው ይቆማል፣ ከላይ አየር ስለማይገባ።
5. ክዳኑን ላላ ስታደርጉት ቀጭን ውሃ ይወርዳል፤ ስታጠብቁት ይቆማል። አንገቱን በሲባጎ አስራችሁ ሚስማር ላይ ስቀሉት።

*ካልሠራ፦* ክዳኑ ጠብቆም የሚፈስ ከሆነ ቀዳዳው ሰፍቷል ወይም ክዳኑ አየር ያስገባል። ሌላ ሃይላንድ ይዛችሁ በቀጠነ ምስማር ድገሙት። ገመዱ የጠርሙሱን ሆድ የሚጨምቅ ከሆነም ውሃው ይወጣል፤ አንገቱ ላይ ብቻ እሰሩ። ውሃው ጠብ ጠብ ብቻ የሚል ከሆነ ክዳኑን ይበልጥ አላሉ፣ ያም ካልበቃ ቀዳዳውን በጋለው ምስማር ትንሽ አስፉ።

ደረጃ 2፦ ሳሙናውን ምረጡ፣ ቦታ ስጡት

ማንኛውም ሳሙና ይሆናል። «ፀረ ባክቴሪያ» የሚል ጽሑፍ ስላለበት ዋጋው የተቆለለውን መግዛት አያስፈልግም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2016 እ.ኤ.አ. ትሪክሎሳንን ጨምሮ 19 ንጥረ ነገሮች ለተጠቃሚ በሚሸጡ የእጅና የገላ ሳሙናዎች ውስጥ እንዳይገቡ ያገደው፣ አምራቾቹ ከተራው ሳሙና እንደሚሻሉ ማሳየት ስላልቻሉ ነው። በዚያ ገንዘብ ተጨማሪ ሁለት ተራ ሳሙና ግዙ።

ደረቅ ሳሙና ውሃ በማይቋጥር ማስቀመጫ ላይ አድርጉት። ውሃ ውስጥ ተኝቶ የሚሟሟ ሳሙና ቶሎ ያልቃል፣ ሰውም ሊነካው ይጸየፋል። ሰው የሚበዛበት ግቢ ከሆነና ሳሙናው እየጠፋ ካስቸገረ በስቶኪንግ ወይም በመረብ ቋጥራችሁ ከሃይላንዱ አጠገብ አንጠልጥሉት። እርጥብ እጅ በመረቡ ላይ ሲያሹት አረፋው ይወጣል።

ሳሙና ከተወደደባችሁ ደግሞ ይህን አድርጉ። 1.5 ሊትር ውሃ በያዘ ሃይላንድ ውስጥ 30 ግራም ገደማ፣ ማለትም ሁለት ሙሉ የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ሳሙና ጨምሩ። ዘግታችሁ በደንብ ናጡት፤ ክዳኑን በመርፌ ብሱት፤ ስትጨምቁት ጠብ ይላል። ላዩ ላይ «የእጅ መታጠቢያ» ብላችሁ ጻፉ፤ ልጅ የሚጠጣ ውሃ መስሎት እንዳያነሳው ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ፈሳሽ ሳሙና የምትጠቀሙ ሰዎች፦ ሊያልቅ ሲል ውሃ ጨምራችሁ አታቅጥኑት፣ በተረፈው ላይም አዲስ አትሙሉበት። ዕቃው ራሱ ባክቴሪያ የሚራባበት ሊሆን ይችላል። ሲያልቅ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ ሙሉት።

ሳሙና ጨርሶ በሌለበት ቦታ የቀዘቀዘ ንጹህ የእንጨት አመድ ለመፈተግ ያግዛል። ከሳሙና ጋር እኩል ነው ብላችሁ ግን አትዝናኑ። ፕላስቲክ ወይም ቆሻሻ የተቃጠለበትን አመድ አትንኩ፣ ቁስል ያለበት እጅ ላይም አታድርጉት።

ደረጃ 3፦ እጃችሁን አዘጋጁ

እጅጌያችሁን እስከ ክንድ ሰብስቡ። ሰዓትና አምባር አውልቁ። ቀለበትም ይውለቅ፤ አልወጣም ካለ በሳሙና እያዞራችሁ ሥሩን እጠቡ። ከቀለበት ሥር ያለው እርጥብ ቆዳ ለጀርም የተመቸ ጎጆ ነው።

ጥፍር በአጭሩ ይቆረጥ። ሊጥ የሚያቦካ፣ ሥጋ የሚከትፍ፣ ሕፃን የሚያበላ ሰው ረጅም ጥፍር ባይኖረው ይመረጣል። አንድ ጊዜ ሊጥ አቡክታችሁ ስትጨርሱ ጥፍራችሁን ከውስጥ በኩል ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩት። እጅ ታጥቦ እንኳ ከጥፍሩ ሥር ነጭ መስመር ሆኖ የቀረ ሊጥ ታያላችሁ። ሊጥ የሚደበቅበት ቦታ ሰገራም ይደበቃል። ይህን የምለው ላስጸይፋችሁ አይደለም፣ ከጥፍር ሥር ያለው ጀርም እንደ ሊጡ በአይን ስለማይታይ ነው።

ደረጃ 4፦ ፈተጋው

ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብላችሁ አድርጉት፣ ከዚያ እጅ ራሱ ይለምዳል።

1. እጃችሁን እስከ አንጓው አርጥቡና ውሃውን ዝጉ። የሞቀ ውሃ አያስፈልግም፤ እጅ የሚቋቋመው ሙቀት ጀርም አይገድልም፣ ቀዝቃዛው ያው ነው።
2. ሳሙናውን መዳፋችሁ፣ የእጃችሁ ጀርባና ጣቶቻችሁ ሁሉ እስኪሸፈኑ እሹት። አረፋው ነጭና ወፍራም ይሁን። ቶሎ ጠፍቶ ውሃ ከሆነ ሳሙናው አንሷል ወይም እጃችሁ ላይ ቅባት አለ፤ ድገሙ።
3. መዳፍን ከመዳፍ ጋር ፈትጉ።
4. የቀኝ መዳፋችሁን በግራ እጃችሁ ጀርባ ላይ አድርጋችሁ፣ ጣቶቻችሁን በመሃል አስገብታችሁ ፈትጉ። ከዚያ ቀይሩ።
5. መዳፍ ለመዳፍ፣ ጣቶቻችሁን አጠላልፋችሁ በመሃላቸው ፈትጉ።
6. ጣቶቻችሁን አጥፋችሁ ጀርባቸውን በሌላው መዳፍ ላይ እሹ።
7. አውራ ጣት። ይህን አብዛኛው ሰው ይዘለዋል። አንዱን አውራ ጣት በሌላው እጅ ጨብጣችሁ እያዞራችሁ እሹት። ሁለቱንም።
8. የጣት ጫፎች። ይህም ይዘለላል፣ ያውም እንጀራ የሚቆርሱት እነሱ ናቸው! አምስቱን ጫፍ ሰብስባችሁ በሌላው መዳፍ ላይ እያከካችሁ አሽከርክሩ፤ አረፋው ከጥፍር ሥር ይግባ።
9. የእጃችሁን አንጓዎች እሹ።
10. የሃይላንዱን ክዳን ወይም የቧንቧውን መክፈቻ አረፋ ባለው እጃችሁ አሸት አድርጉት። ስትጀምሩ በቆሸሸ እጅ ነክታችሁታል፣ ስትጨርሱ ደግሞ በንጹህ እጅ ልትዘጉት ነው።
11. ውሃውን ክፈቱና እጃችሁን ወደ ታች አዘቅዝቃችሁ ማሟለጩ እስኪቆም ድረስ አለቅልቁ። ክዳኑንም አለቅልቃችሁ ዝጉ።

ፈተጋው ብቻ ቢያንስ 20 ሰከንድ መውሰድ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ከማርጠብ እስከ ማድረቅ ላለው በሙሉ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይላል። ሰዓት መቁጠር ይሰለቻል፣ ስለዚህ ፊደል ቁጠሩ። ከሀ ጀምራችሁ ሀ ሁ ሂ ሃ እያላችሁ እስከ ረ፣ ስድስት መስመር፣ 42 ፊደል። በሰከንድ ሁለት ፊደል ከሄዳችሁ 21 ሰከንድ ነው። ለልጆች ከዚህ የተሻለ አላውቅም፤ ፊደሉንም ያጠናሉ። ብቻ እየሮጡ እንዳይጨርሱት አብራችሁ በሉ።

ደረጃ 5፦ ማድረቅ

እርጥብ እጅ ከደረቅ እጅ ይልቅ ጀርም ያነሳል፣ ያስተላልፋልም። አራግፎ ሱሪ ወይም ቀሚስ ላይ መጥረግ ደግሞ የደከማችሁበትን ማበላሸት ነው።

ለእጅ ብቻ የሚሆን ፎጣ ይኑር። የምድጃ ጨርቅ፣ የጠረጴዛ መወልወያና የእጅ ፎጣ አንድ አይሁኑ። ፎጣው የሚደርቅበት አየር ባለበት ቦታ ይሰቀል፣ በየቀኑ ወይም ቢበዛ በየሁለት ቀኑ ይታጠብ፣ ፀሐይ ይምታው። አይን የታመመ ሰው ካለ የራሱ ፎጣ ይኑረው፤ ትራኮማም ሆነ ሌላው የአይን በሽታ በፎጣና በእጅ ይዛመታል። ንጹህ ፎጣ ከሌለ በሶፍት አድርቁ፣ ያም ከሌለ እጃችሁን ወደ ላይ ይዛችሁ በአየር ይድረቅ።

ደረጃ 6፦ እንግዳ ስታስታጥቡ

ልማዳችን ያማረ ነው፣ አይቅር። ቅደም ተከተሉን ብቻ እናስተካክል።

ሳሙናውን ከማስታጠቢያው ጋር አብራችሁ ይዛችሁ ውጡ፣ ከምግብ በፊት። መጀመሪያ ትንሽ ውሃ አፍስሱና አቁሙ። ሳሙናውን ስጡ። እንግዳው ሲፈትግ ዝም ብላችሁ ጠብቁ፤ ውሃ ማፍሰስ ከቀጠላችሁ ሳሙናው ሳይሠራ ይታጠባል፣ ውሃውም ያልቃል። አሽቶ ሲጨርስ አሁን አፍስሱ። ፎጣ ወይም ሶፍት አቀብሉ።

ታላላቆች ሲሆኑ «ሳሙና ይጠቀሙ» ብሎ ማዘዝ ይከብዳል። ሳሙናውን እጃቸው ላይ አስይዛችሁ «ጋሼ፣ እስኪጨርሱ ውሃውን ልያዝልዎት» ወይም «እትዬ፣ ቀስ ብለው፣ ውሃ አለ» ማለት ይበቃል። ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚጨርሱት አስታጣቢው እንዳይቆም አስበው ነው። አስታጣቢው ራሱ ታጥቦ መሆን አለበት፣ ይህ አይረሳ።

ድግስ ላይ ሰው ሲበዛ አንድ ማስታጠቢያ አይበቃም። በር ላይ ሁለት ወይም ሦስት ባለ ቧንቧ ባልዲ ከነሳሙናው አስቀምጡ፣ አንድ ልጅ ውሃ እንዲሞላ መድቡ።

መቼ መቼ?

እነዚህ አይታለፉም፦ ከሽንት ቤት በኋላ፣ የሕፃን ዳይፐር ወይም ጨርቅ ከቀየራችሁ በኋላ፣ ምግብ ከማዘጋጀታችሁ በፊት፣ ከመብላታችሁና ልጅ ከማብላታችሁ ወይም ጡጦ ከማዘጋጀታችሁ በፊት። የሕፃን ሰገራ ንጹህ ነው የሚለውን እርሱት፣ በሽታ ያስተላልፋል።

በዓል ሲሆን ደግሞ ዶሮው አለ። ጥሬ ዶሮ ሳልሞኔላ ሊይዝ ይችላል። ዶሮ የበለተ እጅ ሰላጣ ከመንካቱ፣ እንጀራ ከማጠፉ፣ የጨው ዕቃ ከመክፈቱ በፊት በሳሙና ይታጠብ። ለክትፎና ለጥሬ ሥጋም ያው ነው፣ እንዲያውም ይብሳል፤ እሳት የማያየውን ምግብ የምትነካው እጅ ናት።

ከታክሲና ከገበያ ስትመለሱ፣ ብር ስትቆጥሩ ውላችሁ፣ ካስነጠሳችሁ ወይም ከተናፈጣችሁ፣ ከብት ወይም ውሻ ከነካችሁ፣ የታመመ ካስታመማችሁ በኋላም ታጠቡ።

ሳኒታይዘር የት ይገባል?

መንገድ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ውሃ በሌለበት። ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ያለው ይሁን፤ ጠርሙሱ ላይ ካልተጻፈ አትግዙ። አንድ ጠብታ ብቻ ሳይሆን እጅ ሁሉ እስኪርስ አድርጋችሁ በደረጃ 4 ቅደም ተከተል እሹት፣ ራሱ እስኪደርቅ። ሳይደርቅ መጥረግ ዋጋ የለውም።

የሚታይ ቆሻሻ፣ ቅባት ወይም ጭቃ ባለበት እጅ ላይ በደንብ አይሠራም። ኖሮቫይረስና ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባሉትን ተቅማጥ አምጪዎችም በደንብ አይቋቋምም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ተቅማጥ የያዘው ሰው ካለ ሳሙናና ውሃ እንጂ ሳኒታይዘር አይታመንም። ከሽንት ቤት በኋላም እንዲሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ አልኮል ይቀጣጠላል። እጃችሁ ሳይደርቅ ክብሪት አትጫሩ፣ ከሰል አታራግቡ፣ ሻማ አታብሩ። ልጅ ከጠጣው ይመርዘዋል፤ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

በረኪናም ለእጅ መታጠቢያ አይደለም። ቆዳ ያቃጥላል። ከሌላ ማጽጃ ጋር መቀላቀል ደግሞ መርዛም ጋዝ ሊያወጣ ይችላል።

አንድ ነገር ሲበላሽ

*አረፋ ላይ እያለሁ ውሃው አለቀ።* አረፋውን በንጹህ ፎጣ ወይም ሶፍት በደንብ ጥረጉ፣ የተለቀቀው ቆሻሻ አብሮ ይወጣል። ውሃ ሲገኝ አለቅልቁ። ለወደፊቱ አንድ ሃይላንድ ሙሉ ውሃ ለእጅ ብቻ ተለይቶ ይቀመጥ፣ ለቡናም አይነካ።

*ቅቤውና ቅባቱ አልለቅ አለ።* እጃችሁን ከማርጠባችሁ በፊት ሳሙናውን በደረቁ እሹት፣ ከዚያ ጥቂት ውሃ ጨምሩ።

*ቃሪያ ወይም ሚጥሚጣ እጄን አቃጠለኝ።* የሚያቃጥለው ነገር በውሃ አይሟሟም፣ በዘይት ግን ይሟሟል። መጀመሪያ ዘይት ቀብታችሁ እሹ፣ ጥረጉ፣ ከዚያ በሳሙና ሁለቴ ታጠቡ። እስከዚያ አይናችሁን እንዳትነኩ።

*እጄ ደረቀ፣ ተሰነጠቀ።* መታጠቡን አትተዉ፣ የልብስ ሳሙናውን ተዉ። ለስለስ ያለ የገላ ሳሙና ተጠቀሙ፣ በደንብ አለቅልቁ፣ እጃችሁ ገና ነጣ ሳይል ቫዝሊን ወይም ቅባት ተቀቡ። ማታ ስትተኙ ደግማችሁ ተቀቡ። የተሰነጠቀው ከደማ፣ ካበጠ ወይም መግል ከያዘ ጤና ጣቢያ ታዩ።

*ጣቴ ላይ ቁስል አለ።* ውሃ በማያስገባ ፕላስተር ሸፍኑ፣ ከታጠባችሁ በኋላ ከራሰ ቀይሩት። መግል ያለበት ቁስል ይዛችሁ ለሌላ ሰው ምግብ አታዘጋጁ። የግድ ከሆነ ጓንት አድርጉ፤ ጓንቱን ከማጥለቃችሁ በፊትና ካወለቃችሁ በኋላም ታጠቡ።

*ሰው ሁሉ የነካው ሳሙና ያስጠላኛል።* ሳሙናውን መጀመሪያ በውሃ አለቅልቃችሁ ተጠቀሙ። ላዩ ላይ ያለው ከእጃችሁ ጋር ታጥቦ ይወርዳል። ሳሙናውን ተጸይፎ በውሃ ብቻ መታጠብ የባሰ ነው።

*ልጁ እምቢ አለ።* ውሃው የሚወርድበት ዕቃ ለቁመቱ ደርሷል? ብዙ ጊዜ እምቢታው እዚያ ላይ ነው። ሃይላንዱን ዝቅ አድርጋችሁ ስቀሉለት ወይም መቆሚያ ስጡት። ክዳኑን እሱ ይክፈት፣ ፊደሉን እሱ ይቁጠር። ከሦስት ዓመት በታች ከሆነ ከኋላው ቆማችሁ በእጆቻችሁ እጆቹን ይዛችሁ እጠቡለት፣ አውራ ጣቶቹን ሳትረሱ።